የአንድ አቅጣጫ በር፡- ፌራይት አይሶሌተር ለሚሊ ሜትር ሞገድ ቺፖች እንዴት ይነደፋል?

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ከባሕር ዳር ከ60 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት የምትገኝ የደቡብ ጎንደር ከተማ ናት፡፡ በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ ሲወርዱ የሚያቋርጡት ጠፍጣፋ ምድር ነው፡፡ አካባቢው በሩዝ ምርቱ የሚታወቅ ሲሆን፣ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫም ወረታ ነው፡፡ ክረምት ሲገባ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፡፡ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ከአቅማቸው በላይ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ብዙ ነዋሪዎች ከቀያቸው መፈናቀላቸው ይታወሳል፡፡

በእንዲህ ያለ ቀን ስልክ መሥራት አለመሥራቱ የምቾት ጉዳይ አይደለም፡፡ ችግሩ ዝናቡ በጣም በሚከብድበት ሰዓት የሬዲዮ መገናኛውም በጣም የሚፈተን መሆኑ ነው፡፡ የማማውን ሬዲዮ ከፍተን ብናይ፣ በዚያ ሰዓት ሥራው ከሚከብድበት የኃይል ማጉያ ቺፕ ቀጥሎ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የሴራሚክ ክብ፣ ከነማግኔቷ ተቀምጣ ልናገኝ እንችላለን፡፡ አይሶሌተር ትባላለች፡፡ ሥራዋ ሞገዱን ወደ አንቴናው ማሳለፍና ተመልሶ እንዳይመጣ ማገድ ነው፡፡ ይህ ጽሑፍ አሠራሯንና ንድፏን፣ እንዲሁም ቺፕ ውስጥ ለማስገባት ለምን አስቸጋሪ እንደሆነች ያብራራል፡፡

ዝናቡ ሞገዱን ምን ያደርገዋል?

ከ30 እስከ 300 ጊጋኸርዝ ያለው የሬዲዮ ክልል ሚሊ ሜትር ሞገድ የተባለው፣ የሞገዱ ርዝመት ከ10 ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ነው፡፡ በአገራችን በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው ኢትዮ ቴሌኮምና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ማማዎቻቸውን ከዋናው መረብ ጋር የሚያገናኙት በፋይበርና በማይክሮዌቭ ሬዲዮ ነው፡፡ አምስተኛው ትውልድ ሞባይል በግንቦት 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሙከራ ከተጀመረ ወዲህ እያንዳንዱ ማማ የሚፈልገው የዳታ መጠን የበለጠ እያደገ ነው፡፡ በዓለም ላይ ለዚህ ዓይነቱ ፍላጎት ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ወደ 38 ወይም ወደ 80 ጊጋኸርዝ መውጣት ነው፤ እዚያ ሰፊ ያልተጣበበ ቦታ አለና፡፡

ዋጋው የሚከፈለው በዝናብ ነው፡፡ የዝናብ ጠብታ መጠን ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ ጠብታው ሞገዱን ይበትነዋል፣ ይውጠዋልም፡፡ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለዚህ ያወጣው ቀመር አለ፡፡ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ኃይለኛ ዝናብ በ7 ጊጋኸርዝ ላይ በኪሎ ሜትር 0.6 ዲሲቤል ያህል፣ በ15 ጊጋኸርዝ 3.6 ዲሲቤል፣ በ38 ጊጋኸርዝ 12.5 ዲሲቤል፣ በ80 ጊጋኸርዝ ደግሞ ከ18 ዲሲቤል በላይ ይቀንሳል፡፡ ዲሲቤል የጥምርታ መለኪያ ነው፤ 3 ዲሲቤል መቀነስ ማለት ኃይሉ በግማሽ፣ 10 ዲሲቤል መቀነስ ማለት ወደ አንድ አሥረኛ፣ 20 ዲሲቤል መቀነስ ማለት ወደ አንድ መቶኛ መውረድ ነው፡፡

ለምሳሌ ያህል ከወረታ ተነስቶ ወደ ሩዝ ማሳው 3 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የ38 ጊጋኸርዝ መስመር ተዘረጋ እንበል፡፡ ያ ዝናብ በመስመሩ ላይ ሁሉ እኩል ቢጥል ከ37 ዲሲቤል በላይ ይጠፋል፡፡ ይህም ማለት ከተላከው ኃይል፣ በጠራ ቀን ይደርስ ከነበረው፣ ከአምስት ሺሕ እጅ አንዱ እንኳ አይደርስም ማለት ነው፡፡ ዘመናዊ ሬዲዮዎች ይህን ሲያዩ የኃይል ማጉያቸውን (አምፕሊፋየር) እስከ መጨረሻው ይከፍታሉ፡፡ አምፕሊፋየሩ በጠራ ቀን ረጋ ብሎ ይሠራል፤ በዶፍ ቀን ግን ለመስበር በተቃረበ ጉልበት ይሠራል፡፡

የሚመለሰው ሞገድ ጉዳት

ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ሞገድ ሁሉ ወደ አየር አይሄድም፡፡ በመንገዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ መጋጠሚያ፣ ማጣሪያና አንቴና ጥቂቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፡፡ የአንቴናው ሽፋን በውኃ ሲለብስ ደግሞ ነጸብራቁ ይጨምራል፡፡ እንግዲህ ልብ እንበል፤ ዝናቡ አምፕሊፋየሩን በሙሉ ኃይል እንዲሠራ ያስገድደዋል፣ የረጠበው አንቴና ደግሞ በዚያው ሰዓት ከወትሮው የበለጠ ኃይል ይመልስበታል፡፡ ሁለቱ ችግሮች ተያይዘው ነው የሚመጡት፡፡

የሚመለሰው ሞገድ ሦስት ነገር ያበላሻል፡፡ የመጀመሪያው የአምፕሊፋየሩን አቅም ነው፡፡ በጋሊየም አርሰናይድ ወይም በጋሊየም ናይትራይድ የተሠራ ቺፕ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው የተወሰነ ጭነት ሲያይ ብቻ ነው፤ ጭነቱ ሲለወጥ ኃይሉ ይወርዳል፣ ሲግናሉ ይዛባል፣ አንዳንዴም ቺፑ በራሱ ይርገበገባል፡፡ ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ያልወጣው ኃይል ትራንዚስተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፡፡ ሦስተኛው ማሚቶ ነው፡፡

ማሚቶውን በቁጥር እንመልከተው፡፡ አንቴናው ከሚደርሰው ኃይል አንድ አሥረኛውን፣ ማለትም በ10 ዲሲቤል ዝቅ ብሎ ይመልስ፡፡ የአምፕሊፋየሩ መውጫ የተመለሰለትን በ6 ዲሲቤል ቀንሶ እንደገና ወደ አንቴናው ይወርውረው፡፡ ከዋናው ሲግናል በ16 ዲሲቤል ብቻ ዝቅ ያለ ማሚቶ ዘግይቶ ይከተላል ማለት ነው፡፡ እያንዳንዱ ምልክት ከ256 አማራጮች አንዱን የሚወክልበት የሞዱሌሽን ዘዴ ግን 30 ዲሲቤል አካባቢ ንጽሕና ይፈልጋል፡፡ በመካከል 20 ዲሲቤል የሚያግድ አይሶሌተር ቢገባ ይህ ማሚቶ ወደ 36 ዲሲቤል ዝቅ ይላል፡፡

ነገሩ በዚህ አያበቃም፡፡ የአይሶሌተሩ የራሱ መውጫም ጥቂት ነጸብራቅ አለው፡፡ መውጫው በ20 ዲሲቤል ዝቅ አድርጎ የሚመልስ ከሆነ፣ በአንቴናውና በአይሶሌተሩ መካከል የሚመላለስ በ30 ዲሲቤል ዝቅ ያለ ሌላ ማሚቶ ይኖራል፡፡ ንድፍ አውጪው የማገድ አቅምን ብቻ አይቶ በሮቹን በሚገባ ካላዛመደ ችግሩን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ አዛወረው እንጂ አልፈታውም፡፡

ባለሦስት በር አደባባይ

ለሚሊ ሜትር ሞገድ ቺፖች በብዛት የሚመረጠው አይሶሌተር በመሠረቱ ሰርኩሌተር ነው፡፡ አሠራሩን ለመረዳት ወረታ ራሷ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች፡፡ ከተማዋ የሦስት መንገዶች መገናኛ ናት፤ አንዱ ከባሕር ዳር የሚመጣው፣ ሁለተኛው በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ የሚሄደው፣ ሦስተኛው ወደ ጎንደር የሚቀጥለው ነው፡፡ መገናኛው ላይ አደባባይ አለ፣ ሕጉም “በቀኝ ይዘህ ዙር፣ በመጀመሪያው መውጫ ውጣ” የሚል ነው ብለን እናስብ፡፡ ከባሕር ዳር የመጣ መኪና የሚወጣው ወደ ደብረ ታቦር ብቻ ነው፡፡ ከደብረ ታቦር የመጣ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር የመጣ ደግሞ ወደ ባሕር ዳር ይወጣል፡፡

አሁን በባሕር ዳር በኩል አምፕሊፋየሩን፣ በደብረ ታቦር በኩል አንቴናውን እናስቀምጥ፡፡ በጎንደር በኩል ደግሞ የመጣውን ሁሉ ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያስቀር ሬዚስተር ይኑር፡፡ የአምፕሊፋየሩ ሞገድ ወደ አንቴናው ይሄዳል፤ አንቴናው የመለሰው ሞገድ ግን ወደ አምፕሊፋየሩ መንገድ የለውም፣ ሬዚስተሩ ላይ ያልቃል፡፡ ሰርኩሌተር ሲደመር ሬዚስተር፣ አይሶሌተር ሆነ ማለት ነው፡፡

በተራ ሽቦ፣ በካፓሲተርና በኮይል እንዲህ ያለ ነገር መሥራት አይቻልም፡፡ በእነሱ ውስጥ ከአንድ በር ወደ ሌላው የሚያልፍ ሲግናል በተገላቢጦሹም እኩል ያልፋል፡፡ ሕጉን የሚሰብር ቁስ ያስፈልጋል፡፡ ያ ቁስ ፌራይት ነው፡፡

ፌራይት ለምን?

ፌራይት የብረት ኦክሳይድ ከሌሎች ብረታ ብረቶች ኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ በእሳት የሚጋገር ሴራሚክ ነው፡፡ ማግኔትነት አለው፤ ኤሌክትሪክ ግን እንደ ብረት አያስተላልፍም፡፡ በዚህ የተነሳ ሞገድ ገጽታው ላይ ሳይነጠር ወደ ውስጡ ዘልቆ ከማግኔትነቱ ጋር ሊገናኝ ይችላል፡፡

በፌራይቱ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች በቋሚ ማግኔት መስክ ውስጥ ሲገቡ፣ ሊወድቅ ሲል እየተወዛወዘ እንደሚዞር እንዝርት ይዞራሉ፡፡ የዙረቱን አቅጣጫ የሚወስነው ማግኔቱ ነው፤ ፍጥነቱም በእያንዳንዱ ቴስላ የማግኔት ጥንካሬ 28 ጊጋኸርዝ ነው፡፡ ከእንዝርቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚዞር ሞገድና በተቃራኒው የሚዞር ሞገድ ያንኑ ቁስ እንደ ሁለት የተለያዩ ቁሶች ያዩታል፡፡ የአንድ አቅጣጫ በር ምስጢሩ ይኸው ነው፡፡

ታሪኩ ብዙም አሮጌ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1948 ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል የፌራይቶችን ማግኔትነት በንድፈ ሐሳብ አብራራ፤ ከሥራዎቹ አንዱ ይህ ሆኖ በ1970 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል፡፡ በዚያው በ1948 የፊሊፕስ ኩባንያው በርናርድ ቴሌገን ሁለቱን አቅጣጫዎች የሚለይ የሰርኪዩት አካል ሊኖር እንደሚችል አቀረበ፡፡ በ1949 ዲርክ ፖልደር የቁሱን ባሕርይ በሒሳብ ገለጸ፣ በ1952 ደግሞ ሌስተር ሆጋን በቤል ላቦራቶሪ በማይክሮዌቭ ላይ ሠርቶ አሳየ፡፡ በ1956 ኢትሪየም አይረን ጋርኔት የተባለው ዝቅተኛ ብክነት ያለው ቁስ ታወቀ፡፡ በ1960ዎቹ ቦስማና ሌሎች ያዳበሩት የክብ መጋጠሚያ ሰርኩሌተር ንድፍ እስከ ዛሬ መሠረት ሆኖ ያገለግላል፡፡

ንድፉ ደረጃ በደረጃ

ንድፍ አውጪው በመጀመሪያ የሚጋፈጠው የማግኔቱን ጥያቄ ነው፡፡ በ38 ጊጋኸርዝ ላይ እንዝርቱንና ሞገዱን በእኩል ፍጥነት ለማስኬድ በፌራይቱ ውስጥ 1.36 ቴስላ ያህል መስክ ያስፈልጋል፡፡ ቀጭን ክብ ፌራይት የራሱ ማግኔትነት የውጪውን መስክ ስለሚቃወም፣ ጠንካራ ፌራይት ከተመረጠ ሌላ ግማሽ ቴስላ ገደማ ይጨመራል፡፡ ድምሩ 1.9 ቴስላ ይጠጋል፡፡ የምርጥ ኒዮዲሚየም ማግኔት ቅሪት ማግኔትነት ከ1.2 እስከ 1.4 ቴስላ ገደማ በመሆኑ፣ ጥቃቅን ቺፕ አጠገብ ይህን ማግኘት የማይታሰብ ነው፡፡ ስለዚህ ንድፉ ከዚህ ነጥብ በታች ይሠራል፡፡ ማግኔቱ ፌራይቱን ለማጥገብ ብቻ ይበቃል፣ ማለትም ግማሽ ቴስላ ገደማ ይሆናል፡፡

ሁለተኛው ጥያቄ የፌራይቱ ምርጫ ነው፡፡ ወሳኙ ቁጥር ፌራይቱ ሲጠግብ የሚይዘው ማግኔትነት በጋውስ ተለክቶ በ2.8 ሜጋኸርዝ ሲባዛ ከሥራው ፍሪክዌንሲ ጋር ያለው ጥምርታ ነው፡፡ ኢትሪየም አይረን ጋርኔት 1,780 ጋውስ ይይዛል፤ ይህም 5 ጊጋኸርዝ ገደማ ነው፡፡ በ38 ጊጋኸርዝ ላይ ጥምርታው 0.13 ብቻ ይሆናል፡፡ የኒኬል ዚንክ ወይም የሊቲየም ፌራይት እስከ 5,000 ጋውስ ስለሚደርስ ጥምርታው ወደ 0.37 ከፍ ይላል፡፡ ጥምርታው በትንሽ ቁጥር ሲሆን አይሶሌተሩ የሚሠራበት የፍሪክዌንሲ ስፋት ይጠባል፡፡ በዝቅተኛ ፍሪክዌንሲ ንድፍ አውጪው የፌራይቱ ጉልበት እንዳይበዛ ይጠነቀቃል፤ በሚሊ ሜትር ሞገድ ግን ያለው ሁሉ አይበቃውም፡፡ በ80 ጊጋኸርዝ ላይ ያው ጠንካራ ፌራይት የሚሰጠው ጥምርታ 0.18 ያህል ብቻ ነው፡፡

ሦስተኛው የክቡ መጠን ነው፡፡ በክቡ ውስጥ ሞገዱ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ይዞራል፡፡ የሁለቱ ድምር በአንዱ በር ላይ ከፍ ብሎ በሌላው በር ላይ ዜሮ እንዲሆን የክቡ ሬዲየስ ከሞገዱ ርዝመት ጋር መመጣጠን አለበት፡፡ የተለመደው ቀመር ቁጥር 1.84 ነው፤ የሞገድ ቁጥሩ በሬዲየሱ ሲባዛ 1.84 መሆን አለበት ይላል፡፡ ፌራይቱ 13 ያህል የኤሌክትሪክ ቋሚ ቁጥር ካለው፣ ለ38 ጊጋኸርዝ የሚወጣው ሬዲየስ 0.69 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ ለ80 ጊጋኸርዝ ወደ 0.31 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፡፡

እዚህ ላይ የአሠራር ጥንቃቄው ይታያል፡፡ በሬዲየሱ ላይ የ1 በመቶ ስህተት ማለት 7 ማይክሮሜትር፣ የሰው ፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል ነው፡፡ ያ ስህተት የመሥሪያ ፍሪክዌንሲውን 0.38 ጊጋኸርዝ ያዛውረዋል፡፡ ለዚህም ነው ንድፍ አውጪው ለጠበበው ስፋት የሩብ ሞገድ ማዛመጃ መስመሮችን በሦስቱም በሮች ላይ የሚጨምረው፤ ስፋቱ ሲጨምር ለስህተት የሚተርፍ ቦታ ይገኛል፡፡

አራተኛው ሙቀት ነው፡፡ ፌራይት ሲሞቅ ማግኔትነቱ ይቀንሳል፡፡ ኒዮዲሚየም ማግኔትም በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.1 በመቶ ገደማ ይደክማል፤ ሳማሪየም ኮባልት በዚህ በኩል በብዙ የተሻለ ነው፡፡ በፎገራ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል 80 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ያለ ማራገቢያ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሬዲዮ በእኩል የአየር ሙቀት በባሕር ጠለል ላይ ከሚያገኘው ያነሰ ቅዝቃዜ ነው ከነፋሱ የሚያገኘው፡፡ ይህ በሰንጠረዥ ላይ ካልታሰበ በማማው ላይ ይታያል፡፡

ቺፑ ለምን አይቀበለውም?

“ታዲያ ለምን ከአምፕሊፋየሩ ጋር በአንድ ቺፕ ላይ አይሠራም?” የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፡፡ ዋናው መልስ እሳት ነው፡፡ አብዛኛው የማይክሮዌቭ ፌራይት የሚጋገረው ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምሮ ነው፡፡ የተጠናቀቀ ቺፕ የብረት መስመሮች ግን ከ400 ዲግሪ ብዙ አልፈው አይችሉም፡፡ ሁለቱን በአንድ ምድጃ ማዋል አይቻልም፡፡ ስለዚህ ፌራይቱ ለብቻው ይጋገራል፣ ይቆረጣል፣ ይለሰልሳል፤ ከዚያም ከቺፑ ጎን ይቀመጣል፡፡

መገናኛው ራሱ ሌላ ችግር ነው፡፡ የወርቅ ሽቦ በሚሊ ሜትር 1 ናኖሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ አለው፡፡ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም ሽቦ በ38 ጊጋኸርዝ ላይ 70 ኦም ያህል ትቃወማለች፤ ሰርኪዩቱ በሙሉ የተሠራው ግን ለ50 ኦም ነው፡፡ በዝቅተኛ ፍሪክዌንሲ ከቁጥር የማይገባ ሽቦ እዚህ ላይ ከሰርኪዩቱ በላይ ይሆናል፡፡ መፍትሔዎቹ ሽቦውን ማሳጠር፣ በጠፍጣፋ ሪባን መተካት፣ ቺፑን ገልብጦ በጥቃቅን ጉብታዎች ማጣበቅ፣ ወይም ሽቦውን የማዛመጃው ንድፍ አካል አድርጎ ከመጀመሪያው ማስላት ናቸው፡፡

ሬዚስተሩም መረሳት የለበትም፡፡ አምፕሊፋየሩ 1 ዋት ቢያወጣና የአንቴናው መጋጠሚያ ቢላቀቅ፣ ያ 1 ዋት ከሞላ ጎደል የሚያርፈው ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ስስ ሬዚስተር ላይ ነው፡፡ ሙቀቱ ወደ ብረት አካሉ የሚወርድበት መንገድ ካልተዘጋጀ አምፕሊፋየሩን ሊያድን የተቀመጠው አካል ራሱ ይቃጠላል፡፡

ማግኔቱን ጨርሶ ለማስቀረት የሚሞክሩ መንገዶችም አሉ፡፡ አንደኛው ሄክሳፌራይት ነው፡፡ የባሪየም ሄክሳፌራይት በውስጡ 1.7 ቴስላ የሚያህል የራሱ መስክ ስላለው የራሱ ሬዞናንስ 47 ጊጋኸርዝ አካባቢ ላይ ይወድቃል፡፡ ቁሱ በየቤታችን በድምፅ ማጉያ ጀርባ ላይ ካለው ጥቁር ማግኔት ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፡፡ አሉሚኒየም ሲጨመርበት መስኩ ይጨምራል፣ ስካንዲየም ሲጨመርበት ይቀንሳል፤ በዚህ መንገድ ለሚፈለገው ፍሪክዌንሲ ማስተካከል ይቻላል፡፡ ጉድለቱ ብክነቱ ከጋርኔት የበለጠ መሆኑ ነው፡፡

ሁለተኛው መንገድ ፌራይቱንም ይተወዋል፡፡ በአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሀሪሽ ክሪሽናስዋሚ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 በትራንዚስተር ማብሪያ ማጥፊያዎች ቅደም ተከተል ብቻ የሚሠራ ሰርኩሌተር በሲሊከን ቺፕ ላይ አሳየ፤ በ2017 ደግሞ ወደ 25 ጊጋኸርዝ አወጣው፡፡ ትልቅ እመርታ ነው፡፡ ይሁንና በ25 ጊጋኸርዝ ያለው ብክነት ከ3 ዲሲቤል በላይ በመሆኑ ከአምፕሊፋየሩ በኋላ ቢቀመጥ ከግማሽ በላይ ኃይል ይበላል፡፡ ሦስተኛው አማራጭ ሁለት አምፕሊፋየሮችን በማጣመር ነጸብራቁን ወደ ሬዚስተር የሚመራ ሚዛናዊ ንድፍ ነው፤ ለሬዲዮው ውጪ ጥሩ መስሎ ይታያል፣ በውስጥ ያሉት ሁለቱ ትራንዚስተሮች ግን የተበላሸውን ጭነት ማየታቸው አይቀርም፡፡

ግማሽ ዲሲቤል ምን ያህል ያወጣል?

በደንብ የተሠራ የፌራይት አይሶሌተር ግማሽ ዲሲቤል ገደማ ሊያባክን ይችላል፤ ይህ 11 በመቶ ኃይል ነው፡፡ በደንብ ያልተሠራው 1 ዲሲቤልና ከዚያም በላይ ያባክናል፤ 1 ዲሲቤል ከ20 በመቶ በላይ ነው፡፡ በዚያው የ3 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ ስናሰላው፣ 1 ዲሲቤል ማትረፍ ማለት መስመሩ ከመቋረጡ በፊት የሚችለውን የዝናብ ጥንካሬ በሰዓት በ1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ነው፡፡ ከ50 ሚሊ ሜትር ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፡፡ የአይሶሌተሩ ዋና ጥቅም ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይታይም፤ አምፕሊፋየሩ በዚያ ሰዓት ሳይዛባና ሳይቃጠል ሙሉ ኃይሉን እንዲሰጥ ማድረጉ ላይ ነው፡፡

የማይፈታውንም መናገር ያስፈልጋል፡፡ አይሶሌተር የዝናቡን ጉዳት አይቀንስም፡፡ ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ እንደ መስተዋት ሆኖ ሞገዱን መልሶ ሲያነጥረውና ሁለቱ ሞገዶች በተቀባዩ አንቴና ላይ ሲጣሉም አይገላግልም፤ ለዚያ መፍትሔው የአንቴናው ከፍታና አቀማመጥ፣ የመስመሩ ርዝመትና የፍሪክዌንሲው ምርጫ ነው፡፡ በሜዳ ላይ መስመር ሲቋረጥ ሁሉንም በዕቃው ላይ ማላከክም ሆነ ሁሉንም በዝናቡ ማሳበብ ትክክል አይደለም፡፡

ለግዢ ኮሚቴ አባልም ሆነ ለቴክኒክ ገምጋሚ ከዚህ የሚወጡ ቀላል ጥያቄዎች አሉ፡፡ የማገድ አቅሙ፣ ብክነቱና የበሮቹ ነጸብራቅ በመካከለኛው ፍሪክዌንሲ ብቻ ነው ወይስ በሙሉ ስፋቱ የተለካው? በክፍል ሙቀት ነው ወይስ ከቅዝቃዜ እስከ ከፍተኛ ሙቀት? ሬዚስተሩ ሙሉ የተመለሰ ኃይል ለምን ያህል ጊዜ ይችላል? በሳጥኑ ውስጥ ያለ ሌላ ማግኔት ወይም ብረት ሥራውን ያዛባዋል? አንድ ነጠላ ቁጥር የሚሰጥ ሰነድ እነዚህን አልመለሰም፡፡

እዚህ ምን ሊሠራ ይችላል?

በ38 ጊጋኸርዝ ላይ ለመሥራትና ለመለካት ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል፡፡ የፌራይት ንድፍ ግን መልካም ጠባይ አለው፤ ጥምርታው ከተጠበቀ በሌላ ፍሪክዌንሲ ላይ በትልቁ ሊሞከር ይችላል፡፡ 5,000 ጋውስ ያለው ፌራይት በ38 ጊጋኸርዝ የሚሰጠውን 0.37 ጥምርታ በ10 ጊጋኸርዝ ለማግኘት 1,300 ጋውስ ገደማ ይበቃል፤ እንዲህ ያሉ የጋርኔት ዓይነቶች በገበያ ላይ አሉ፡፡ ክቡም 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ዲያሜትር ይኖረዋል፤ በዓይን የሚታይ፣ በመቆንጠጫ የሚያዝ፣ በተራ ወርክሾፕ መሣሪያ የሚስተካከል ነው፡፡ በ1955 ዓ.ም. በፖሊ ቴክኒክነት ሥራ የጀመረውና ዛሬ የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም ከወረታ አንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው፡፡ ለኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ የመመረቂያ ሥራ የሚሆን፣ ከቀመር እስከ ልኬት የሚያስተምር ርዕስ ነው፡፡

ጥቅሙ ከስልክም ሊያልፍ ይችላል፡፡ ዝናብ የሬዲዮ መስመርን የሚያዳክምበት መጠን ስለሚታወቅ፣ ከድክመቱ ተነስቶ የጣለውን ዝናብ መገመት ይቻላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 የእስራኤል ተመራማሪዎች ሐሳቡን በሞባይል ኩባንያዎች መስመሮች ላይ አሳይተዋል፡፡ በቡርኪና ፋሶ በአንድ የ29 ኪሎ ሜትር የ7 ጊጋኸርዝ መስመር ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ በ2014 ታትሟል፡፡ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ጥቂት በሆነበት፣ የርብና የጉማራ ሙላት በየክረምቱ በሚያሰጋበት አካባቢ ይህ ዘዴ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፡፡ ልኬቱ እንዲታመን ግን የሚላከው ኃይል መታወቅና መርጋት አለበት፡፡ አንቴናው በረጠበ ቁጥር ኃይሉ የሚዋዥቅ አምፕሊፋየር ዝናቡን ከራሱ ድካም መለየት አይችልም፡፡ ያንን የሚያረጋጋው ያችው ከምስር የማትበልጥ የፌራይት ክብ ናት፡፡